የአባቴን ቮልስ ፈትቼ ልሽጣት ወይስ እንዳለች?

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ነኝ፤ ምክር ፈልጌ ነው።

አባቴ ድሬሰር (የጤና ረዳት) ነበሩ። ቮልሳቸው እ.ኤ.አ. የ1970 ሞዴል፣ 1300 ናት። በእሷ ሰላ ድንጋይ ተመላልሰዋል፤ ምጥ የያዛት ሴት ከደብረ ሲና ጭነው ጣርማበርን በሌሊት ወጥተዋል። ካረፉ አራት ዓመት ሆነ። ቮልሷ ግን ከሳቸው ቀድማ ነው የቆመችው፤ ግቢያችን ውስጥ ከባሕር ዛፉ ሥር ስድስት ክረምት አሳልፋለች። ዶሮዎች ማደሪያ አድርገዋታል። የወለሏ ላሜራ በስብሶ ከሥሯ ሣር ይታያል። ስትቆም ሞተሯ ይሠራ ነበር። ሊብሬው በአባቴ ስም ነው፤ ቦሎ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አልተለጠፈባትም።

አንድ ሰው እንዳለች በ150,000 ብር ሊወስዳት ጠይቆኛል። የማውቀው መካኒክ ደግሞ ተፈትታ በየመለዋወጫው ብትሸጥ የዚህን እጥፍ እንደምታወጣ ነገረኝ። እኔ መምህር ነኝ፤ መፍቻና ጉጠት የማልለይ ሰው። ከወንድሜና ከእህቴ ጋር ለመሸጥ ተስማምተናል፤ ያልተስማማነው እንዴት እንደሚሸጥ ነው። ምን ትላላችሁ?

ይህን እዚህ መድረክ ላይ የጻፍኩት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። መልሱ ከጠበቅኩት በላይ በዛ። አዲስ የሚገባ ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በቁጥሩ እየጠራሁ ላስቀምጠው። ቃል በቃል አልገለብጥም፤ ስድቡንም አብዛኛውን ትቼዋለሁ።

መልስ 1፦ የጫጫ ሰው ነው። ነፍስ ይማር ብሎ ጀመረና በቀጥታ ወደ ነገሩ ገባ። ሞተሩ በእጅ መዞር አለመዞሩ ሳይታወቅ ዋጋ ማውራት ከንቱ ነው ባይ ነው። በሞተሪኖ ለማስነሳት እንዳልሞክር አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። አራቱን ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) ፈትቼ፣ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት አፍስሼ፣ ሁለት ቀን አሳድሬ፣ ከዚያ የቺንጋውን ፑሌጃ (ቀበቶው የሚዞርበትን መንኮራኩር) በመፍቻ ቀስ አድርጌ እንዳዞር መከረኝ። እንዳለው አደረግኩ። በመጀመሪያው ቀን ንቅንቅ አላለም፤ በሦስተኛው ዞረ። ለወንድሜ ስልክ ደውዬ እንደ ልጅ ጮኽኩበት።

መልስ 2፦ ሸኖ ተወልዶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚነግድ ሰው ነው። የዚህ የውይይት ክር ፍሬው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። እሱ እንዳስረዳው ቮልስ ሲፈታ ገዢ በሰልፍ የሚመጣላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የሚዞር ሞተር፣ ድምፅ የሌለው ካምቢዮ፣ ካርቡራተር፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ያልተሰነጠቀ መስታወት፣ ዝገት ያልበላው ኒኬል ፓራውልት፣ ቸርኬ። እነዚህ በአንድ ወር ውስጥ ይሄዳሉ። የቀረው፣ ማለትም ወንበሩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የበሰበሰው ወለል፣ ዓመት ቢጠብቅም ጠያቂ የለውም። ስለዚህ መካኒኩ እጥፍ ያለኝ ሁሉም ይሸጣል ብሎ ደምሮ እንደሆነ ገመተ። ቀጥሎ ያለው ምክሩ ነው የገረመኝ፤ ቸርኬና ጎማ ቀድሞ ይፈለጋል፣ መሸጥ ያለበት ግን መጨረሻ ላይ ነው። ጎማ የሌላትን መኪና ከግቢ የሚያወጣት ሰው የለም፤ ለማስነሳት የምትከፍለው ከቸርኬው ዋጋ ይበልጣል። ብሎን ሁሉ በየቆርቆሮው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከመፈታቱ በፊትም ፎቶ ይነሳ አለ።

መልስ 3፦ ሌላ ዝርዝር ይዞ መጣ። ባሌስትራውን (ከሥር የሚደረደረውን የብረት ስፕሪንግ) እና ራዲያተሩን ለብቻ እንድሸጥ፣ የውሃ ፖምፓው ደግሞ ጥሩ ዋጋ እንደሚያወጣ ነገረኝ።

መልስ 4፦ እዚህ ላይ ነው ጨዋነቱ ያበቃው። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ከኋላዋ የተሸከመች መኪና ናት፤ ራዲያተር የላትም፣ የውሃ ፖምፓም የላትም። ባሌስትራም የላትም፤ ክብደቷን የሚሸከሙት የሚጠመዘዙ የብረት ዘንጎች ናቸው። መልስ 4 ይህን በሁለት መስመር መጨረስ ይችል ነበር። እሱ ግን የመልስ 3ን ትምህርት ቤት፣ አስተማሪና አሳዳጊ ጨምሮ አስተናገደ። መልስ 5 እና 6 የሁለቱ መመላለስ ነው፤ ለማንም አይጠቅምም። መልስ 3 ለአይሱዙ የጻፈውን እዚህ እንደለጠፈ በኋላ አመነ።

መልስ 7፦ ረጅም ዕድሜ ይስጥልንና፣ ጋሼ ብዬ የምጠራቸው የመሐል ሜዳ ሰው ናቸው። ስለ መሸጥ አንድም አልጻፉም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የመንዝ ሰው ፈረሱን በዝተት ሲሸፍን፣ ባለ ላንድሮቨሮቹ ውሃ አፍልተው ራዲያተር ላይ ሲያፈሱ፣ ባለ ቮልሱ ግን ገብቶ አስነስቶ ይሄድ እንደነበረ አስታወሱ። የሚቀዘቅዝ ውሃ የለማ። ማሞቂያዋም ከሞተሩ የጭስ መውጫ ዙሪያ የሞቀውን አየር በጎንና በጎን ባሉት የላሜራ ቱቦዎች ወደ እግር የሚያመጣ መሆኑን ጨምረው፣ እነዚያ ቱቦዎች ከዛጉ ግን ብርዱን ራስህ ትችለዋለህ አሉ። አያይዘውም ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ አገር ለካርቡራተር እንደማይመች አስረዱ፦ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሩብ ያህል ጉልበት በመንገድ ይቀራል። ያ 1300 ሞተር ሲሠራ 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከእሱ ላይ ሩቡን ቀንሱና ጣርማበርን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን፣ ምጥ የያዛት ሴትና አስታማሚዎቿን ይዛችሁ ውጡ። አባቴ እንዴት እንደወጡት አሁን ገባኝ፤ ሁልጊዜ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ነበር የሚነዱት፣ የገፏት ያህል።

መልስ 8፦ ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ሞተሩ መዞሩ ግማሽ ዜና ነው፤ ሌላው ግማሽ የክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዋና ዘንግ፣ ልቅነት ነው። ፑሌጃውን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስና ወደ ሞተሩ መሳብና መግፋት። ፋብሪካው የሚፈቅደው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ0.15 ካለፈ የሞተሩ ቤት ራሱ ተበልቶ ሊሆን ይችላልና ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በመቀየር አይድንም። በእጅ ሲሳብ ቋ ካለ ገዢው ስልኩን ዘግቶ ይሄዳል። ሞከርኩት፤ ቋ አላለም። እጄ ግን መለኪያ አይደለምና ማረጋገጥ አልችልም፤ መካኒኬ መለኪያ ይዞ ቅዳሜ ይመጣል።

መልስ 9፦ አሜሪካ ከሚኖር ወንድማችን ነው። መፍታት የሚባለው ነገር ኃጢአት መሆኑን፣ እሱ ባለበት አገር እንዲህ ያለችውን መኪና ሰው አድሶ በበዓል ቀን እንደሚያወጣት፣ ቅርስ እንደሆነች ጻፈ። ወለሉን ቆርጦ በአዲስ መተካት፣ ቀለም መቀባት፣ ወንበር ማሰፋት እያለ ዘረዘረ።

መልስ 10፦ የላሜራ ባለሙያ ነው፣ ከደብረ ብርሃን። ዝርዝሩን አንድ በአንድ ወስዶ የራሱን የእጅ ዋጋ ጻፈበትና፣ ድምሩን ከታች አስቀምጦ፣ ሒሳቡን መልስ 9 ከአሜሪካ እንዲልክለት ጠየቀ። ድምሩ ከተሰጠኝ 150,000 ብር በብዙ ይበልጣል። መልስ 9 ከዚያ በኋላ አልታየም። እኔ በበኩሌ ሰውየውን አልፈርድበትም፤ ከሩቅ ሲታይ ሁሉም ቅርስ ነው። ይሁንና የላሜራው ባለሙያ አንድ የጠቀመኝን ነገር ተናግሯል፤ የቮልስ አካል ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ፣ ወለሏ ደህና የሆነ ግን የተገለበጠች ቮልስ ያለችው ሰው ካለ አካሏን ብቻ እንዳለ ሊገዛ ይችላል።

መልስ 11፦ ክሩ መንገድ የሳተው እዚህ ነው። አንድ ሰው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ እንደነበረ አነሳ። ከዚያ እስከ መልስ 15 ድረስ ሰማያዊ ነበረች፣ አረንጓዴ ነበረች የሚል ክርክር ሆነ። አንደኛው አጎቱ በዓይኑ እንዳየ ማለ፤ ሌላው ያ አጎት በዚያ ቀን የት ነበር ብሎ ጠየቀ፤ ሦስተኛው ፖለቲካ ጨመረበት። የመድረኩ አስተባባሪ ሁለት መልስ ሰርዞ ወደ መለዋወጫው እንድንመለስ አዘዘ።

መልስ 16፦ ቁራሌ ነው፣ ሲጽፍም አልደበቀም። ቀላሉ መንገድ በኪሎ ከሚገዛ ሰው ጋር መጨረስ ነው ባይ ነው። ሞተሩም ቢሆን ብረት ካልሆነ ነገር የተሠራ ስለሆነ በኪሎ ከላሜራው የተሻለ እንደሚያወጣ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆርጦ ሊጭን እንደሚችል ነገረኝ።

መልስ 17፦ ይህን የጻፈው የሸዋ ሮቢት ብየዳ ሠራተኛ ነው፤ ቆሜ ነው ያነበብኩት። የቮልስ ሞተር ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ከዓመታት በፊት በሚሠራበት ቤት አንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ሞተር በግራይንደር ሲቆርጥ ከሥሩ የተጠራቀመው ብናኝ ተቀጣጠለ፤ ደንግጠው ውሃ ደፉበት፤ እሳቱ ጠፋ ሲሉ ነጭ ሆኖ ፈነዳ። ማግኒዥየም ሲነድ ውሃ ያባብሰዋል፤ የሚያፍነው ደረቅ አሸዋ ነው። ልጁ ዓይኑ ተረፈለት፣ ቅንድቡ ግን ለወራት አልበቀለም። ስለዚህ ሞተሩ ይፈታ እንጂ አይቆረጥ፤ አራት ብሎን ነው የያዘው፣ ሁለት ሰው በክሪክ ያወርደዋል። ደግሞም የቤንዚን ታንከሯ ከፊት ኮፋኖ ሥር መሆኑን አትርሱ አለ፤ ባዶ የሆነ ታንከር ከሞላው ይልቅ የሚያስፈራው ውስጡ ባለው ትነት ነው። ቁራሌው መልሶ ጻፈለት፤ ሃያ ዓመት ሠርቶ እንዲህ ያለ ነገር እንዳላየ። የብየዳው ሰው የመለሰው አጭር ነበር፤ ያየ ሰው ዳግመኛ እንደማይቆርጥ።

መልስ 18፦ ሌላ የጓሮ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ የ6 ቮልት ቮልስ ያለው ሰው የኔን ሞተሪኖ ሊገዛ ፈለገ። መልስ 2 ወዲያው አስቆመው፤ የ6 ቮልቷ ሞተሪኖ የሚነክሰው ክብ 109 ጥርስ ነው፣ የኔዋ የ12 ቮልቷ 130፤ አይገጥምም። ይህ ሁለት ደቂቃ የወሰደ ማረሚያ ሁለት ሰው ከአላስፈላጊ ጉዞ አዳነ።

መልስ 19 እና 20፦ ስለ ገበያው ናቸው። የመጀመሪያው፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ ማንኛውም ሊብሬ ያለው መኪና ዋጋው እየጨመረ ስለሚሄድ ከመፍታት መቆየት ይሻላል ባይ ነው። ሁለተኛው ያ ለቪትዝ እንጂ ለቮልስ አይሠራም ብሎ ተቃወመ፤ ቮልስ የሚገዛ ሰው ሌላ መኪና ስላጣ ሳይሆን ቮልስ ስለሚወድ ነው። ከዚያም የጀርመን ኦሪጅናል አዲስ ዕቃ ነው እየተባለ የሚሸጠውን እንዳናምን መከረ፤ ጀርመን ይህችን መኪና መሥራት ያቆመችው በ1970 ዓ.ም. ነው፣ የመጨረሻዋም ሜክሲኮ ውስጥ የወጣችው ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። በሳጥን ውስጥ አዲስ የሚመስል ዕቃ ካለ ወይ ከብራዚልና ከሜክሲኮ የመጣ ነው ወይ ሌላ ቦታ የተቀዳ። ስለዚህ ከአባቴ መኪና የሚፈታው አሮጌ የጀርመን ካርቡራተር ከአዲሱ ይልቅ ሊፈለግ ይችላል። ይህ ለመፍታት ያለኝን ሐሳብ ወደፊት ገፋው።

አሁን ወደ ሚያሳፍረው ልምጣ። በዚሁ ሳምንት አንድ ሰው በግል ጻፈልኝ። ሞተሩን አልፈለገም፣ ካምቢዮውንም አልፈለገም። የፈለገው ሊብሬውን፣ ታርጋውንና ከወለሉ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበትን ቁራጭ ብቻ ነው። ለእነዚህ ሦስቱ ያቀረበው ብር ለሞተሩ ከተሰጠኝ ዋጋ ይበልጣል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ ግን አንድ ቁራጭ ላሜራ ይህን ያህል የሚያወጣበት ምክንያት አልገባኝምና ስሙን ሳልጠራ ነገሩን እዚህ ለጠፍኩት።

መልስ 22፦ የሕግ ሰው ናት፣ ስትጽፍም ቁጥብ ናት። ያ ሰው የሚገዛው ላሜራ ሳይሆን የአባቴን ስም እንደሆነ አስረዳችኝ። ወረቀት የሌላትን ወይም የተሰረቀች ሌላ ቮልስ በአባቴ ሊብሬ ሕጋዊ ለማስመሰል ያንን ቁራጭ በይዶ ይተክላል፤ ነገ አደጋ ሲደርስ ወይም ፖሊስ ሲይዛት የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ነው፣ እሱ ከሌለ ወራሾቹ። መፍታት ከመረጥኩ ሊብሬውንና ታርጋውን ለመንገድ ትራንስፖርቱ መልሼ መኪናዋን ከመዝገብ ማሰረዝ እንዳለብኝ፣ ሞተሩን ለብቻ ስሸጥም ቁጥሩን ጠቅሼ የጽሑፍ ውል እንድይዝ መከረችኝ። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ሥር፣ የሻንሲው ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር መሐል ላይ ተመቷል። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አስተያይቼ ፎቶውን እንዳስቀምጥ ነገረችኝ።

መልስ 23፦ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ወረቀት ሸጦ የታሰረ አላየሁም የሚል ነው። መልስ 24 እና 25 ወረዱበት። አንዱ መኪናው ተሰርቆበት እስከ ዛሬ ያላገኘ ሰው ነው፤ የጻፈውን እዚህ ማንሳት አልፈልግም፤ ንዴቱ ግን የገባኝ ከመልስ 4 ንዴት በተለየ ነው።

መልስ 26፦ ያቺው የሕግ ሰው ተመለሰች። ከወንድሜና ከእህቴ ጋር ተስማምተናል ማለቴን አንብባ ኖሯል፤ እናቴ በሕይወት አሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አሉ አልኳት። መኪናዋ የተገዛችው ከጋብቻ በኋላ ነው ወይ አለች። አዎ፣ እኔ ከተወለድኩ በኋላ። እንግዲያው ግማሿ የእናቴ መሆኗን፣ ለውርስ የሚቀርበው የአባቴ ግማሽ ብቻ መሆኑን፣ እኛ ሦስት ልጆች ተስማማን ያልነው በዚያው ግማሽ ላይ መሆኑን፣ እሱንም ቢሆን ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ሳናወጣ መሸጥ እንደማንችል ነገረችኝ። ሃያ አምስት መልስ ስለ ካምቢዮ ስንከራከር ባለቤቷን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

መልስ 27 ለምን ከመጀመሪያው እንዳልተናገርኩ ወቀሰኝ። ልክ ነው።

ትናንት ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ ለእናቴ ነገርኳቸው። ብዙ የምፈራው ነገር ነበር፤ ያለቅሳሉ ብዬ። አላለቀሱም። ሞተሩ ይሸጥ አሉ፤ እሳቸው እንደሆነ ድምፁን ወደውት አያውቁም፤ ሌሊት ሲነሳ የታመመ ሰው አለ ማለት ነበርና። ካምቢዮውም ይሂድ። የአሽከርካሪው ወንበር፣ የበግ ቆዳ የለበሰው፣ ወደ ቤት ይግባ፤ ወገባቸውን ሲያማቸው ይቀመጡበታል። የፊት ኮፋኖዋን ለእንጨት መሸፈኛ ይፈልጓታል። አካሏን ማን እንደሚወስዳት ደንታም የላቸውም። ዋጋውን ከሶማሌ ተራው ሰው ጋር እንድጨርስ ነገሩኝ፤ ስሙን ጠርተው ሳይሆን፣ ቸርኬ በመጨረሻ ያለው ሰውዬ ብለው። ክሩን እህቴ ስታነብላቸው ነበር ለካ።

ስለዚህ የተወሰነው ይህ ነው፦ ትፈታለች። ወራሽነቱን እህቴ ጀምራለች። መለኪያ የያዘው መካኒክ ቅዳሜ ይመጣል። የላሜራው ባለሙያ ያነሳው ባለ ደህና ወለል ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ አካሏ ከወለሉ በላይ ደህና ናት፣ የግራ በሯ ብቻ ተጋጭታለች።

የሻንሲውን ቁጥር ፎቶ ለጠየቃችሁኝ፦ ዛሬ ጠዋት ባትሪ መብራት ይዤ የኋላ ወንበሩን ላነሳ ስል ቀይዋ ዶሮ ከሥሩ ጮኸችብኝ፣ ጣቴንም ነከሰችኝ። ዘጠኝ እንቁላል ታቅፋለች። እናቴ ከምድጃው ሆነው ማንም እንዳይነካት አዘዙ። ከታቀፈች ዛሬ አሥረኛ ቀኗ ነው አሉ። የአሥራ አንድ ቀን ትዕግሥት ስጡኝ።